የአያቴን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ያጠፋሁት ነገር

ይሄን የምጽፈው ምነው ሰው ቀድሞ በነገረኝ እያልኩ ስለምቆጭ ነው። ስለ ስልክ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሶፍትዌር እየጻፍኩ መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ስንቱን ሰው «ፋይልህን ሁለት ቦታ አስቀምጥ» ብዬ መክሬያለሁ። ለራሴ ሲሆን ግን አላደረግኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ለሥራ ጅዳ ስትሄድ ቤታችን ስልክ አልነበረም። አያቴ፣ ሁላችንም እማማ ነው የምንላት፣ መጻፍ አትችልም ነበር። ስለዚህ ደብዳቤዋን በካሴት ትልካለች። እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ያለው ቤታችን ጓዳ ውስጥ ቴፑን ረከቦቱ አጠገብ ታስቀምጥና ቡና እየተወቀጠ ትናገራለች። የጎረቤት ወሬ፣ የዝናቡ ሁኔታ፣ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ ከዚያ በመጨረሻ ዱዓ። ወደ ጅዳ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ካሴቱን ይዞላት ይሄዳል። አክስቴ አንዱንም አልጣለችም። ጠቅልላ ስትመለስ 11 ካሴት በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛ ከቤት ወጣን፣ ቆርቆሮው አልጋ ስር ቀረ። ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም። ቆርቆሮው ግን እዚያው ነበር። እማማ አሁን በሕይወት የለችም።

ከጦርነት የተረፈ ካሴት እኔ እጅ ላይ ጠፋ። ይሄ ነው ያቃጠለኝ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። የሚሰራ ቴፕ ፒያሳ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ዘንድ አገኘሁ፣ ጎማውን ቀየረልኝ። ጭንቅላቱን በአልኮልና በጥጥ ጠረግኩት። ካሴቱን ከመክተቴ በፊት አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ሰበርኩ። እነሱ ከሌሉ በስህተት እንኳ «ቅዳ» ብትጫኑ አይቀዳበትም። የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠነጠንኩ። ከቴፑ የኢርፎን ቀዳዳ በጃክ ገመድ አውጥቼ፣ በአንዲት ትንሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ በኩል ላፕቶፔ ውስጥ አስገባሁ። ቅጂውን ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ሰራሁ፣ ነጻ ነው። የ90 ደቂቃ ካሴት 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። በቃ፣ ይሄው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። መዝገብ ቤቶች የሚከተሉት መመሪያ በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅዱ ይላል፤ ቁጥሮቹ ከፍ ባሉ ቁጥር ድምፁ በዝርዝር ይቀዳል፣ ፋይሉም ይተልቃል። ለሙዚቃ ማኅደር ልክ ሊሆን ይችላል። ጓዳ ውስጥ በርካሽ ቴፕ ለተቀዳ የአያት ድምፅ ግን አያስፈልግም። በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በሞኖ (በአንድ ቻናል) ቅዱት። 90 ደቂቃው 476 ሜጋ ባይት አካባቢ ይሆናል። በመመሪያው ልክ ብትሄዱ ከ1.5 ጊጋ ያልፋል፤ የሚጨምርላችሁም የቴፑን ሹክሹክታ ብቻ ነው። ፋይሉ ባነሰ ቁጥር ብዙ ቦታ ለማስቀመጥ ትደፍራላችሁ። ኤምፒ3 ግን አታድርጉት፣ ዋናውን ሳይጨመቅ በዌቭ አስቀምጡ። እሱ ላይ አልደራደርም።

አሁን ወደ ሰባተኛው ካሴት።

ሰባተኛው ከሁሉም ጥርት ያለ ነበር። ስቀዳው የድምፁ ሞገድ ስክሪኑ ላይ እየተሳለ ሲሄድ፣ ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ባረፈ ቁጥር አንዲት ሹል እሾህ ትወጣለች፣ በእኩል በእኩል ርቀት። ቡናው እየደቀቀ ሲሄድ እሾሆቹ እያጠሩ መጡ። በመሀል እማማ ሳቀች፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ፣ ከዚያ «አሚን በሉ» ብላ ዱዓዋን ቀጠለች። ሁለቱንም ገጽ ቀድቼ ጨረስኩ። ወደ መጀመሪያው ሳጠነጥነው ግን ቴፑ ክሩን በላው። ሳወጣው አንድ ሜትር የሚሆን ክር ተጨማዶ፣ አንድ ቦታ ላይም ተበጥሶ መጣ። ተናደድኩና «ፋይሉ እንደሆነ አለኝ» ብዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

በኋላ ሒሳቡን ሰራሁት። የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። አንድ ሜትር ማለት 21 ሰከንድ ነው። የተጨማደደውን ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ በቀጭን የካሴት መቀጠያ ፕላስተር መቀጠል ይቻል ነበር። በሁለቱ ገጽ ላይ 21፣ 21 ሰከንድ ይጎድላል፣ ሌላው ይተርፋል። እኔ 90 ደቂቃውን ጣልኩት።

ከሳምንት በኋላ ላፕቶፑ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልጫን አልኩ። ውስጡ ያለው ሁሉ መውጣት ነበረበት። ሰኞ ገበያ ሄጄ «1 ቴራ» የሚል ፍላሽ በ1,200 ብር ገዛሁ። ዋጋው ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። የሻጩ ልጅ «አብሽር ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፣ ሁሉም የሚወስደው ይሄን ነው» አለኝ። ስሰካው ስክሪኑ ላይ የሞላ 1 ቴራ አሳየኝ። መጀመሪያ የሰርግ ቪዲዮና ፎቶ ገለበጥኩ፣ ወደ 40 ጊጋ። ከዚያ የካሴቶቹን ፋይል። ምንም ስህተት አላሳየም። አንዱን ከፍቼ ሰማሁት፣ ይሰራል። ላፕቶፑን ፎርማት አደረግኩት፣ ዊንዶውስ ጫንኩ።

በማግስቱ ፍላሹን ስሰካ 11ዱም ፋይሎች በየስማቸው ተደርድረዋል። መጠናቸውም ልክ ነው። አንዱም ግን አይከፈትም። ሰባተኛውን ኦዳሲቲ ውስጥ እንደ ጥሬ ዳታ አስገባሁት። እሾህ የለም፣ ዝናብ የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ለረጅም ጊዜ እያየሁት ተቀመጥኩ።

የሆነው ምን መሰላችሁ? ፍላሽ ውስጥ ከማስቀመጫው ሌላ «እኔ ይህን ያህል እይዛለሁ» ብሎ ለኮምፒውተሩ የሚናገር ትንሽ ተቆጣጣሪ ቺፕ አለ። አጭበርባሪዎቹ እሱን ነው የሚያስዋሹት። የኔ ፍላሽ በኋላ ሲፈተን እውነተኛ አቅሙ 30 ጊጋ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። እስከዚያ ድረስ በትክክል ይጽፋል። ከዚያ በላይ የመጣውን ተቀበልኩ ይላል እንጂ የትም አያስቀምጠውም። የፋይሎቹ ስምና መጠን የሚጻፈው ፍላሹ መጀመሪያ ላይ ባለው ማውጫ ስለሆነ ሁሉም ያለ ይመስላል። እኔ ከፍቼ የሰማሁት ደግሞ ሳልነቅል ስለነበር ኮምፒውተሩ ከራሱ ሚሞሪ ነበር ያጫወተልኝ። ይህን አውቅ ነበር! ሐሰተኛ ፍላሽ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። የገዛሁ ዕለት ግን ቸኮልኩ።

መልሼ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ አቤት ወደሚባልበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እዚያ የገጠመኝ አሁንም ሳስታውሰው ደሜን ያፈላዋል። ያስተናገደኝ ሰውዬ ክፉ አልነበረም። ፍላሹን ተቀበለኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው፣ ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝ።

«ወንድሜ፣ ምን ጎደለው? ይኸው 1 ቴራ ይላል።»

«ጌታዬ፣ እሱን ቁጥር የሚናገረው ፍላሹ ራሱ ነው። የሚዋሸው እሱ ነው።»

«እኛ የምናየው ያነባል ወይስ አያነብም የሚለውን ነው። ያነባል።»

«እሺ፣ 40 ጊጋ ፋይል ጻፉበትና ነቅለው ሰክተው ይክፈቱት።»

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም።»

ደረሰኝ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። በእጅ የተጻፈ ነው፣ «ኤሌክትሮኒክስ» ከማለት በቀር ስለ መጠኑ ምንም አይልም። በሁለተኛው ቀን የባለሙያ ማረጋገጫ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ማን ነው የሚጽፈው ስል የሚመልስልኝ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በአራተኛው ቀን አልሄድኩም። ይሄ ፍላሽ የሚሸጠው ለኔ ብቻ አይደለም። ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ያስቀምጥበታል፣ ፎቶ ቤት የሰው ሰርግ ይይዝበታል። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ነጻ ፕሮግራም ያለው ቢሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጣራው ነበር።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። «ዳታ እንመልሳለን» ለሚል አንድ ቤት 1,500 ብር ቅድሚያ ከፍዬ ፍላሹን ለአምስት ቀን ሰጠሁ። የመለሱልኝ ቀድሞም የሚከፈቱትን ፎቶዎች ነው። ፎቶሬክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የተሰረዘ ፋይል ያወጣል፣ እኔም ሞክሬው ነበር። ግን የተሰረዘና መጀመሪያውኑ ያልተጻፈ የተለያዩ ናቸው። ያልተጻፈን ማንም አይመልሰውም። እንዲህ ያለ ፍላሽ ይዞ የሚመጣላችሁ ሰው ካለ፣ ብር እንዳትከፍል በሉት።

ከላፕቶፑስ አትሉኝም? እሱንም ሞክሬያለሁ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው፣ የተሰረዘውን ራሱ የሚያጸዳ ዓይነት፣ ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ጭኜበታለሁ፣ አንድም የሚሰማ ነገር አልወጣም።

አስሩን ካሴቶች እንደገና ቀዳሁ። 15 ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን አሉ። በእነሱ እኮራለሁ። የሰባተኛው ቀሪ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። ሪያድ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ትንሽ አሰማኝ» ብላኝ ያኔ በቴሌግራም የላክሁላት ቁራጭ ነች። ዘነዘናው ይሰማል፣ እማማ «የወጣሽበትን ያሳካልሽ፣ ያገር ናፍቆት አይጉዳሽ» ትላለች፣ ከዚያ «ደግሞ ያቺ…» ስትል ይቆረጣል። ማንን ልትጠቅስ እንደነበር ረስቼዋለሁ። ሰምቼው ነበር እኮ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ፍላሽም ሆነ ሚሞሪ ካርድ ስገዛ ማሸጊያ አላይም፣ ስም አላይም። «ታዋቂ ስም ግዙ፣ ማሸጊያውን ተመልከቱ» የሚለው ምክር ዋጋ የለውም፣ ማሸጊያውም ተመሳስሎ ይሰራል። ከመጠቀሜ በፊት ሙሉ በሙሉ እሞላዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ አነበዋለሁ። ዊንዶውስ ላይ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ (H2testw)፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ኤፍ ስሪ (F3) የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ራሳቸው ይሰሩታል። ፍላሹ በሰከንድ 10 ሜጋ ባይት የሚጽፍ ከሆነ 64 ጊጋ ለመሙላት ብቻ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይፈጃል። ሻጩ «ሞክረው፣ ካልሰራ መልስ» ካላለኝ አልገዛም። እንዲህ የሚል ሱቅ ደሴም ኮምቦልቻም አለ፣ መጠየቅ ነው።

«ክላውድ ላይ (ኢንተርኔት ላይ) አስቀምጡት» የሚሉትንም እንደ መጀመሪያ ምክር አልቀበልም። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት፣ ዳታም በብር በሚገዛበት ቦታ 5 ጊጋ መጫን የሳምንት ሥራ ነው። ሰው ነገ እጭነዋለሁ እያለ ይቀራል። መጀመሪያ ሁለት የተፈተኑ ፍላሾች፣ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት። ክላውዱ ሦስተኛ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ቀስ እያለ ይጫን። ካሴቱን ግን በምንም ምክንያት አትጣሉ። ቢበጠስ፣ ቢጨማደድ፣ ሻጋታ ቢይዘው እንኳ አስቀምጡት።

ለአክስቴ የነገርኳት ዘግይቼ ነው። ቆርቆሮውን ከፍታ ቆጠረች፣ አስር። «ሰባተኛውስ?» አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ጋ 20 ዓመት ተቀምጦ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ትናንት ለእህቴ ቤት የሚሆን አዲስ ፍላሽ ገዝቼ እየፈተንኩት ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ ስለሞተ በመብራት ብቻ ነው የሚሰራው። 71 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ከዜሮ ጀመርኩት።