መጀመሪያ ረሃቤን ነው ያስተካከልኩት፣ ግፊቱ የወረደው ከዛ በኋላ ነው

ከፒያሳ አዘዞ ሚኒባስ ነው የምሰራው፣ እድሜዬ 47፣ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግኩ ሰው ነኝ። ይሄን የምጽፈው በዚ አንድ አመት ስለ ምግብና ስለ ልብ የተማርኩትን እንደኔ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሰራና ውጪ የሚበላ ሰው ካገኘው ይጠቅመዋል ብዬ ነው፣ በተለይ ቤተሰቡ ውስጥ ግፊት ያለበት። አባቴን በ61 አመቱ ስትሮክ መታው፣ ግማሽ ጎኑን ይዞት ሁለት አመት አልጋ ላይ ቆይቶ አረፈ። ግፊት እንዳለበት የታወቀው እንኳን ከወደቀ በኋላ ነው።

እኔ ያወቅኩት አምና መስከረም ባለቤቴን ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ሲስተሯ "አንተም ና ተለካ" ብላኝ ነው። 158 በ98። ደረጃ ወጥተህ ይሆናል ትንሽ አረፍ በል አለችኝ፣ አስር ደቂቃ ተቀምጬ 156 በ96። በሌላ ቀን ሄድኩ ያው፣ ሶስተኛ ቀንም ያው። 140 በ90 እና ከዛ በላይ ሲደጋገም ግፊት ነው የሚባለው፣ ስለዚ ዶክተሩ በቀን አንድ ክኒን ጀመረልኝ፣ ደም ስመረመር ደግሞ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል 164 ሆኖ ተገኘ። ለኮሌስትሮሉ መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ሶስት አራት ወር በምግብና በእግር ጉዞ እንሞክረው አለኝ። ክብደቴ 86 ኪሎ ነበር።

እኔ በምግብ ማለት አለመብላት መሰለኝ። ቁርስ ተውኩ፣ ምሳ ላይ እንጀራውን ግማሽ አደረግኩት፣ ስጋ በቃኝ አልኩ። ሶስት ሳምንት ሞከርኩት፣ በህይወቴ እንደዛ የተናደድኩበት ጊዜ የለም፣ ከረዳቴ ጋር በሳንቲም እጣላለሁ፣ 9 ሰዓት ላይ እጄ ይንቀጠቀጥና ብስኩት በለስላሳ እገዛለሁ፣ ማታ ቤት ስገባ ደግሞ የቀረበልኝን ጨርሼ የልጆቹን ትራፊ ሁላ እበላለሁ። አንድ ኪሎ ጨመርኩ። ያን ጊዜ በእውነት እኔ ፈቃደ ደካማ ነኝ፣ አባቴ የሄደበት ነው የምሄደው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ያዳነኝ ሲስተሯ ያለችኝ ነገር ነው፣ "ምንም አትቀንስ፣ ዝም ብለህ የበላኸውንና መቼ እንደራበህ ጻፍ"። የልጄን የድሮ ደብተር ወስጄ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ስጽፍ ነገሩ ግልጥ ብሎ ወጣ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው፣ የበላሁ ቀን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ይርበኛል። ያው ሰዓት ላይ ባቄላ ፉል ወይ የገብስ ገንፎ የበላሁ ቀን ግን እስከ 6 ሰዓት ረሃብ የሚባል ትዝ አይለኝም። ያው ሆድ፣ ያው ስራ። ማታ አምስት ሰዓት ብቻ የተኛሁ ቀን ደግሞ ምንም ብበላ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ነገር ነው የሚያምረኝ።

ከዛ ለምን እንደሆነ ማንበብ ጀመርኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ጤና የሚማር የእህቴ ልጅም እያስረዳኝ። ረሃብ የፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሆርሞን ነው። ግሬሊን የሚባል አለ፣ በ1999 ነው የተገኘው፣ ጨጓራ ባዶ ሲሆን ወደ ደም ይለቀቅና አንጎልን ብላ ይለዋል። ሌፕቲን ደግሞ በ1994 የተገኘ፣ ከሰውነት ስብ የሚወጣ፣ በቂ ክምችት አለን ተረጋጋ የሚል ነው። እንቅልፍ ሲያንስ ግሬሊኑ ከፍ ሌፕቲኑ ዝቅ እንደሚል ያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ ደብተሬ ላይ ያየሁት እሱን ሳይሆን አይቀርም። ምግቡ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ጠግበናል የሚሉ ሌሎች ሆርሞኖች አሉ፣ ፕሮቲንና ቃጫ (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) ያለው ምግብ እነሱን በደንብ ይቀሰቅሳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፣ 20 ደቂቃ ያህል። እኔ ምሳ በ7 ደቂቃ ጨርሼ ነው መሪ የምይዘው!

በጣም ያስገረመኝ አሜሪካ ብሄራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ውስጥ ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ የሰራው ነው፣ 2019 ላይ የታተመ። 20 ሰዎችን እዛው አስቀምጠው ሁለት ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙ ያልተነካካ ምግብ ሰጧቸው፣ የቀረበው ስኳር ጨው ስብ ቃጫ ሁሉ እኩል እንዲሆን ተደርጎ፣ ያሻህን ያህል ብላ ነው። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፣ ሳያውቁት። እኔ ታዲያ በብስኩትና በለስላሳ ረሃቤን ላስታግስ ስሞክር የነበረው እሳት ላይ ጭድ እየጨመርኩ ነው።

አሁን ወደ ገብሱ ልምጣ ምክንያቱም ለኔ ዋናው ነገር እሱ ነው። እናቴ የዳባት ሰው ናት፣ ወገራ ገብስ አገር ነው፣ ልጅ ሆነን በሶ በጥብጣ ነበር ትምህርት ቤት የምትልከን። ከተማ ከገባን ዳቦ ዘመናዊ ገብስ የድሃ ሆነና ተውነው። ገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውሃ የሚሟሟ ቃጫ አለ፣ አጃ ውስጥም አለ፣ ገንፎውን እንደዛ የሚያጣብቀው በከፊል እሱ ነው። አንጀት ውስጥ ሲገባ ውሃ ይይዝና እንደ ሙጫ ይሆናል፣ አንደኛ ምግቡ ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ስለሚያደርግ ቶሎ አይርብህም፣ ሁለተኛ ከሐሞት ጋር የሚወጣውን አሲድ ይዞ በሰገራ ያስወጣዋል፣ ጉበት ደግሞ ሐሞት የሚሰራው ከኮሌስትሮል ስለሆነ የጎደለውን ለመተካት ኤልዲኤሉን ከደም ውስጥ ይስበዋል። በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ማግኘት ኤልዲኤልን እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። ይሄን ሳነብ ምን አልኩ መሰላችሁ፣ ረሃቤን የሚያስታግሰውና ልቤን የሚጠብቀው ለካ ያው አንድ ነገር ነው፣ ለሁለቱ የተለያየ ዘመቻ አያስፈልገኝም። ቃጫው ፍሬው ውስጥም ስላለ ተፈትጎ ገለባው ቢወጣም አብዛኛው አይጠፋም።

እናቴ ጋ ደወልኩና "እማዬ ገብስ ላኪልኝ" ስላት አላመነችም፣ ከመናኸሪያ አንድ ማዳበሪያ ተቀበልኩ። ከዛ ወዲህ ቁርሴ ወይ የገብስ ገንፎ ነው ወይ ቂንጬ ወይ በሶ። ገንፎው ላይ አንድ ትግል ነበረብን፣ መሀሉ ላይ ያለው የቅቤ ጉድጓድ። ንጥር ቅቤ ከግማሽ በላዩ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው፣ ኤልዲኤልን የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሙሉ ጉድጓድ ቅቤ አድርገህ ገብሱ ያወረደልህን መልሰህ መጫን ነው። ባለቤቴ እርጎ በበርበሬ አደረገችልኝ፣ በጾም ደግሞ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ። ተልባ ያልተፈጨ ከሆነ እንደገባ ነው የሚወጣው፣ ሲፈጭ ነው ኦሜጋ 3 የሚባለውን ጥሩ ስብም ቃጫውንም የምናገኘው። መኪና ውስጥ ደግሞ በብስኩቱ ቦታ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ጨው ያልተነሰነሰበት፣ ወይ ንፍሮ። ሽምብራው የደምቢያ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ እንደልብ ነው።

ረሃቡ ሲረጋጋ ነው ጨው ላይ ለመምጣት አቅም ያገኘሁት። እኛ ቤት አምስት ነን። 1 ኪሎ ጨው ስንገዛ ላስቲኩ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፣ በ21ኛው ቀን አለቀ። 1000 ግራም ለ21 ቀን ለ5 ሰው ስታካፍለው ለአንድ ሰው በቀን 9 ግራም ተኩል ነው! የአለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ ለልጅ ደግሞ ከዛም ያንሳል። እኔ ወጥ ላይ ጨው ጨምሬ አላውቅም ስል ነበር። ግን ቁጭ ብለን ስንቆጥረው በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ሲፈጭም ገብቶበታል፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ባለቤቴ ትጨምራለች፣ አንዳንዴ የሾርባ ኩብ አለ፣ እሱ ራሱ በአብዛኛው ጨው ነው። ዳቦው ውስጥም አለ። ጨው ውሃ ይዞ ስለሚቆይ በደም ስር ውስጥ የሚዞረው መጠን ይጨምራል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል።

ያደረግነው ቀላል ነው፣ ኩቡን ጣልነው፣ ወጥ ላይ ተቀምሶ ካልሆነ ጨው አይገባም፣ በቦታው ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብል ኮሰረት ጨመርን። አንደኛው ሳምንት ልጆቹ አኮረፉ፣ እኔም አልጣመኝም። አራት ሳምንት አካባቢ ምላስ ይለምዳል፣ አሁን ምግብ ቤት ስበላ ነው ጨው የሚበዛብኝ። የሚቀጥለው ኪሎ 34 ቀን ቆየ፣ ወደ 6 ግራም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ጨው ቀንሱ እንጂ አዮዲን የሌለውን እንዳትገዙ፣ እኛ ደጋ ላይ እንቅርት የምናውቀው ነገር ነው።

ዘይት ላይ ብዙ አልልም። ሲበርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው፣ ኑግና ሱፍ ግን አብዛኛው የማይረጋው ጥሩው ስብ ነው። ዋጋው ከባድ ስለሆነ ለውጡን በመጠን ነው ያደረግነው፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በራሱ ውሃ ይቁላላል፣ ዘይቱ በጭልፋ ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ ተቆጥሮ ይገባል።

ጾም ላይ ደግሞ ራሴን ስሸነግል እንደኖርኩ ነው የተረዳሁት። ጾም ነው እኮ ስብ የለውም እያልኩ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦ በማርማላታ ነበር የምበላው፣ እስከ 9 ሰዓት ቆይቼ ደግሞ በባዶ ሆድ አንዴ ነው የምሰለቅጠው። ዘንድሮ አብይ ጾምን ሁሉንም 55 ቀን ጾምኩ፣ ክኒኑን በስንት ሰዓት እንደምወስድ አስቀድሜ ዶክተሩን ጠይቄ። 9 ሰዓት ላይ መጀመሪያ አንድ ሳህን ምስር ወይ ባቄላ ከጎመንና ሰላጣ ጋር፣ ትንሽ አረፍ፣ ከዛ ነው እንጀራው። እንጀራ እንደ ድሮው እወዳለሁ፣ ግን ሆዴ ቀድሞ ስለያዘ አንድ ይበቃኛል። ፋሲካ ሌሊት ዶሮውን በላሁ፣ ሳህኑ ላይ ግን የጨመርኩት የለም፣ ከዛ በኋላ ባለው ሳምንት ነው እንጂ ሰው የሚጎዳው በአንድ ቀን አይደለም።

የወደቅኩበትንም ልናገር። ጥር ላይ ጥምቀት እንግዳ በእንግዳ ነው፣ ጎንደር ያን ሰሞን ምን እንደምትመስል ታውቁታላችሁ፣ ቤቱ ክፍት ነው፣ ማን ብላ ሲልህ እምቢ ትላለህ። ከሁሉም የባሰው ግን ደህና ነኝ ብዬ ክኒኑን ስምንት ቀን ተውኩት። ምንም አልተሰማኝም፣ ራስ ምታት የለ ማዞር የለ። ስለካ 149 በ94። ዶክተሩ አልተቆጣኝም፣ "አባትህም ምንም አልተሰማውም ነበር" ነው ያለኝ። ያቺ ንግግር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ምግቡ ከክኒኑ ጋር እንጂ በክኒኑ ፋንታ አይደለም፣ ማቆምም መቀነስም የዶክተሩ ስራ ነው።

ሌላው ከባድ ነገር ሰው ነው። ስከሳ ሰፈር ውስጥ ምን ሆኖ ነው ተባለ፣ ለቅሶ ቤት እጄን ይዘው "ታመሃል እንዴ" ያሉኝ አሉ። እናቴ መጥታ ስታየኝ አለቀሰች፣ "ከሳህብኝ ልጄ"። ግፊት መለኪያውን አውጥቼ ፊቷ ተለካሁ፣ ቁጥሩን አታነብም ግን የአባቴን ነገር ነግሬያት ይሄ እሱን የጣለው ነው አሁን ወርዷል ስላት ዝም አለች። ድግስ ላይ ደግሞ አሁን ከመሄዴ በፊት በሶ ጠጥቼ ነው የምሄደው፣ ጉርሻ ሲመጣ አንድ እቀበላለሁ፣ በሞቴ ሲባል ሁለተኛውን፣ ከዛ ተነስቼ ሰው ማስተናገድ ነው።

ቁጥሮቹ እንዲህ ናቸው። ከገና በፊት ኤልዲኤል 141 ነበር፣ የነቢያት ጾም አግዞኛል፣ ግንቦት ላይ ፍስክ ገብቶም 138። ክብደቴ በዘጠኝ ወር 79። ግፊቴ ከክኒኑ ጋር አሁን 126፣ 128 በ82 ነው የሚመላለሰው። የኮሌስትሮል መድኃኒት እስካሁን አልተጀመረልኝም፣ ቀጣዩ ምርመራ ህዳር ላይ ነው። ከሰዓት ተራ ስጠብቅ መኪናው ውስጥ መተኛት ትቼ ከፒያሳ እስከ ጥምቀተ ባህሩ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ይሄ ስንቱን እንደሰራ ከምግቡ ለይቼ መናገር አልችልም።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ በርበሬ ግቢያችን ምንጣፍ ላይ ተሰጥቷል። እናቴ ከዳባት መጥታለች፣ ጨው ካልገባበት ይነቅዛል ትላለች፣ ባለቤቴ ደግሞ በደንብ ከደረቀና ክዳኑ ጥብቅ ባለ እቃ ከተቀመጠ ምንም አይሆንም ትላለች። ግማሽ ግማሽ ይሁን ብለው ተስማምተዋል፣ የናቴ ክፍል ለናቴ ቤት ይሄዳል፣ የኛ ነገ ያለ ጨው ወፍጮ ቤት ይገባል።