ሁጎን ይዘን እስከ ደብረ ሲና

ሸኖ ላይ ሾፌሩ ለቅቤ ገዢዎች ቆሞ አዘገየን። ከዚያ በኋላ ብርዱ ለጉድ ነው። እኔና ጓደኛዬ ግን አልተሰማንም፤ ከአዲስ አበባ ጀምሮ ለሳይንስ ልብ ወለድ በሚሰጠው በሁጎ ሽልማት እየተከራከርን ነበር።

ደብረ ብርሃን ወርደን ሻይ ጠጣን። ከተማዋ ለእንዲህ ያለው ወሬ ትመቻለች። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታይቶባታል ይባላል። በ1456 (በፈረንጆቹ) የታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም የሚሉም አሉ። ለሳይንስ ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል?

ሁጎ በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ላይ ተጀመረ። ዋንጫው ሮኬት ነው። በ1926 የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት በመሠረተው ሁጎ ገርንስባክ ስም ይጠራል። እኔን የሚማርከኝ ዳኛው አንባቢ መሆኑ ነው። ወርልድኮን ለሚባለው የሳይንስ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ የአባልነት ክፍያ የከፈለ ይጠቁማል፣ ይመርጣል። ጓደኛዬ ይህን አይወድም።

"የከፈለ ሁሉ ዳኛ ይሁን?"

እውነቱን ነው። በ2015 ተደራጅተው የራሳቸውን ሰዎች በጅምላ ያስጠቆሙ ነበሩ። መራጩ ግን በአምስት ዘርፎች "ማንም አይሸለም" ብሎ መለሳቸው። ይህ አማራጭ ሁሌም ከዕጩዎቹ ጋር ወረቀቱ ላይ አለ። እንዲህ ያለ ሽልማት እኛም ጋ ቢኖር ስንቱ ባዶ እጁን ይገባ ነበር! በዓመቱ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤን ኬ ጀሚሲን በረጅም ልብ ወለድ አሸነፈች፤ በ2017 እና በ2018ም ደገመችው። በዚያ ዘርፍ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ከእሷ በፊት አልነበረም።

ጣርማበር ስንደርስ ጉሙ ገደሉን ሸፍኖታል። ጭላዳ ለማየት ቋምጬ ነበር፤ ምንም አልታየኝም። ዋሻውን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ ከጎናችን ጋቢ ተከናንበው ዝም ብለው ሲያዳምጡ የቆዩ ሽማግሌ ጠየቁን።

"ለመሆኑ ብሩ ስንት ነው?"

"ብር የለውም አባባ። ሮኬቷን ብቻ ነው የሚሰጧቸው።"

"ትበራለች?"

"ኧረ አትበርም።"

ከት ብለው ሳቁ። ጓደኛዬ ሽልማቱን ማስከበር አማረው መሰለኝ፣ ያ ሁሉ ሲነቅፈው የነበረ ሰው፣ ደራሲ ብቻ ሳይሆን ያለ ክፍያ ስለ መጻሕፍቱ የሚጽፉና መጽሔት የሚያዘጋጁ አፍቃሪዎችም የራሳቸው ዘርፍ እንዳላቸው አስረዳቸው።

"ወሬ ብቻ ለሚያወራስ?"

"ለእሱ የለም።"

"ተበድላችኋላ!" አሉን፣ ደብረ ሲና ለመውረድ ከዘራቸውን እያነሱ።