ታጥቦም የሚሻክር ቀለም፦ ክሌይ ባርን ቤቴ የሞከርኩት እንዲህ ነው

መኪናዬ ነጭ ቪትዝ ናት። የማቆማት በርና መስኮት የሚሠራ ብረታ ብረት ቤት አጥር ሥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ማቆሚያ አይመረጥም፣ የተገኘው ላይ ነው። እነሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በግራይንደር ብረት ይቆርጣሉ። የሚረጨው ብናኝ ትኩስ ስለሆነ አርፎ አይቀርም፣ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን) ውስጥ ይሰካል። ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ክረምት ሲገባ ኮፈኗና ጣራዋ ጤፍ በሚያካክሉ ብርቱካናማ ነጥቦች ተሞሉ።

ላቫጆ ወሰድኳት። ልጁ በሳሙና ደጋግሞ አሽቶ አልለቅ ሲለው "ብሮ፣ ይሄማ ዝገት ነው፣ ቀለሟ ተበልቷል፣ ማስቀባት ነው የሚያዋጣህ" አለኝ። አልተዋጠልኝም። ቆርቆሮው ራሱ ሲዝግ ቀለሙን ከሥር እያሳበጠና እየፈነቀለ ነው የሚወጣው። የእኔዋ ላይ ያለው ግን ከላይ የተጣበቀ ነው፣ ጥፍሬን ሳሳልፍበት ይይዘኛል።

እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ክሌይ ባር አስመጣኋት። በእጅ ሲታሽ የሚለሰልስ፣ ውስጡ በጣም የደቀቀ ሞራጅ ዱቄት ያለበት ሰው ሠራሽ ጭቃ ነው። ቀለሙ ላይ ሲንሸራተት ከላይ ብቅ ያለውን ቆሻሻ እየላጠ ይዞት ይሄዳል። የብረት ብናኝ፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ ከጎን ሲቀባ የተረጨ ቀለም፣ ሬንጅ፣ ሁሉንም። ጭረት ግን አያጠፋም፣ ለዚያ ፖሊሽ ነው። ደረጃም አለው፤ ፋይን የሚባለውን ያዙ። ጠንካራው ራሱ የሚተወው ጭረት አለ፣ ከኋላው ፖሊሽ የማታደርጉ ከሆነ አትንኩት።

ከሁሉም በፊት በፌስታል መፈተሽ ነው። መኪናው ታጥቦ ሲደርቅ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ቀለሙን ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። ባዶ እጅ ያለፈውን ሻካራ በፌስታል ቁልጭ ብሎ ይሰማችኋል። እኔ ስዳብስ በአጥሩ በኩል ያለው ጎን፣ ኮፈኑና ጣራው ብርጭቆ ወረቀት ሆነዋል፣ በሌላው በኩል ያሉት በሮች ግን ለስላሳ ናቸው። ስለዚህ እነሱን አልነካኋቸውም። ቪዲዮ ላይ መኪናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲፈትጉ ታያላችሁ፣ እኔ አልስማማም። ፋብሪካ የቀባው ቀለም ከነክሊሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፣ አንድ ሚሊሜትር ደግሞ 1000 ማይክሮን ነው። ባልቆሸሸ ቦታ ምን አስነካኝ?

ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ ጀመርኩ፣ የጋለ ቆርቆሮ ላይ አይሠራም፣ የምትረጩት ሁሉ ወዲያው ይደርቃል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በጀሪካን ያጠራቀምኩትን ነው የተጠቀምኩት። መጀመሪያ በደንብ ማጠብ ግዴታ ነው፣ አሸዋ ላይ ክሌይ ማስኬድ መኪናውን በአሸዋ መፈተግ ነው። ክሌዩ በጠዋት ብርድ ድርቅ ብሎ ነበር፣ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርኩትና ታዘዘልኝ። ሁሉን አንዴ አትጠቀሙ፣ ቆርሳችሁ በሦስት ጣት ልክ ጠፍጥፉት።

ዋናው ነገር ማንሸራተቻው ነው፣ ክሌዩ ሳይቧጥጥ እንዲንሸራተት ቀለሙ ላይ የሚረጨው ፈሳሽ ማለት ነው፣ እሱ ላይ አትቆጥቡ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ስፕሬይ አለ፣ እኔ ግን የመኪና ሻምፖ በውሃ አቅጥኜ በመርጫ ጠርሙስ ተጠቀምኩ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አልመክርም፣ አንዳንዱን ክሌይ ያፈራርሰዋል። ቀለሙንም ክሌዩንም አርሱ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በሆነች ቦታ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ቀጥ አድርጋችሁ አንሸራቱ፣ እያዞራችሁ አይደለም። አትጫኑ። ክሌዩ ያዝ ካደረጋችሁ ደርቋል ማለት ነው፣ እንደገና ርጩ። መጀመሪያ ላይ ክርርር የሚል ድምፅ አለው፣ በጣታችሁም ይሰማችኋል። ከጥቂት ምልልስ በኋላ ድምፁ ይጠፋል፣ ክሌዩም ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ያኔ ያ ቦታ አለቀ። ገልብጬ ሳየው ቡናማ መስመር በመስመር ሆኗል፣ በመሃሉ ጥቁር ደቃቅ ብረት ያብለጨልጫል። አጥፋችሁ አሽታችሁ ንጹሑን ፊት አውጡና ቀጥሉ። መሬት ከወደቀ ግን ተሰናበቱት፣ ያነሳው ጠጠር በማጠብ አይወጣም።

ፎቅ ላይ ያሉት ጋሼ ወርደው "ልጄ፣ ማስቲካ ነው እንዴ የምትለጥፍባት?" አሉኝ። ኮፈኑን አስዳበስኳቸው። ወዲያው "በል የእኔንም" አሉ። የእሳቸው ጥቁር ኮሮላ ናት፣ ጥቁር ላይ ትንሿም ጭረት ትታያለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ የኋላ በር ታችኛው ጥግ ላይ ሞክረን አየን። ስስ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተወ። ፖሊሽ የሚያደርግ ሰው እስኪያገኙ ይቆይ ተባብለን ተውነው።

ሁሉም ነጥብ አልወጣም። ጠልቀው የገቡ ጥቂቶች ጣራው ላይ አሉ፣ እነሱን በጉልበት ከመጫን መተው ይሻላል። ብረትን የሚያሟሟ ፈሳሽ አለ፣ ሲረጭ ብናኙን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ቀለም እያወጣ ይፈሳል፣ ከክሌዩ በፊት እሱ ቢኖረኝ ግማሹን ድካም ይቀንስልኝ ነበር። ቀጣዩ የዱባይ ትእዛዝ እሱ ነው፣ እህቴ ገና አልሰማችም።

ከክሌይ በኋላ ሰም ሳትቀቡ አትደሩ። የነበረውን ሰም ክሌዩ ጠራርጎት ስለሚሄድ ቀለሙ ራቁቱን ነው ያለው። አጥቤ፣ በማይክሮፋይበር አድርቄ፣ ስስ አድርጌ ቀባኋት። ከብረታ ብረት ቤቱ ልጆች ጋርም ተነጋግረን ሲቆርጡ በአጥሩ በኩል አሮጌ ቆርቆሮ ያቆማሉ፣ ከረሱ አስታውሳቸዋለሁ። የተረፈው ክሌይ ማንሸራተቻ ተረጭቶበት ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል፣ እንዲሁ ከተተወ ይደርቃል።