ኢንድፖይንት ማግኘትና መልስ ማግኘት ለየቅል ናቸው

ሊንክድ ዳታ (ድር ላይ እርስ በርሱ የተያያዘ ዳታ) ላይ የሚሰራ ሰው ታዋቂዎቹን የስፓርክል ኢንድፖይንቶች (ስፓርክል በሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ዳታ የሚጠየቅባቸውን የድር አድራሻዎች) ለማግኘት አይቸገርም፣ ዲቢፒዲያ አለ፣ ዊኪዳታ አለ፣ ፕሮቲን ላይ ለሚሰራ ዩኒፕሮት አለ፣ ጣጣው የሚጀምረው ከነሱ ወጣ ስትሉ ነው።

በወረቀት ደረጃ ነገሩ ካለቀለት ቆይቷል እኮ። ቮይድ የሚባል ቮካቡላሪ (ዳታሴትን መግለጫ የቃላት ስብስብ) አለ፣ ባለ ዳታው ስለ ዳታሴቱ ቮይድ ፋይል ጽፎ ካስቀመጠ ኢንድፖይንቱ የት እንዳለ እዛው ይነበባል፤ በ2013 የወጣው ስፓርክል 1.1 ደግሞ ሰርቪስ ዲስክሪፕሽን (የአገልግሎቱ መግለጫ) አመጣ፣ ኢንድፖይንቱን ምንም ኩዌሪ (ጥያቄ) ሳታስገቡ በባዶው ስትጠሩት ስለራሱ ይናገራል ተብሎ። ማን ያደርገዋል ታዲያ? በዛው ዓመት ዳታሃብ በሚባለው የዳታሴቶች መዝገብ ላይ የተመዘገቡ 427 ኢንድፖይንቶችን የፈተሸ ጥናት መግለጫ ያላቸው ሲሶ ያህሉ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ዊኪዳታን ነው። የስፓርክል ኢንድፖይንት አድራሻ የሚመዘገብበት ፕሮፐርቲ (የመረጃ መስክ) አለው፣ እሱ ያላቸውን አይተሞች (መዝገቦች) በሙሉ አምጣልኝ ስትሉት ከነስማቸው ይዘረግፍላችኋል። ዝርዝሩ ግን አይታመንም፣ የተመዘገበ ሁሉ በህይወት አለ ማለት አይደለም።

በህይወት መኖሩን ለማጣራት አስክ የሚባለው የኩዌሪ አይነት ይበቃል፣ ዳታው የሚቀመጠው በትሪፕል ማለትም ባለቤት፣ ባህሪና ዋጋ በሚባሉ ሶስት ቦታዎች ነው፣ ሶስቱንም ቦታ ቫሪያብል (ምንም ሊሆን የሚችል) አድርጋችሁ «አንድ ትሪፕል እንኳን አለህ ወይ» ብቻ ነው የምትሉት፣ መልሱ ትሩ ወይ ፎልስ ነው። ስትልኩት አክሰፕት ሄደሩ (የምትፈልጉት የመልስ ቅርጽ የሚጻፍበት መስመር) ላይ ጄሰን እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ ከዛ 200 (ሰርቨሩ «ተሳክቷል» የሚልበት ኮድ) አገኘሁ ብላችሁ እንዳትደሰቱ! ኢንድፖይንቱ ከተዘጋ በኋላ ዶሜይኑ ሌላ ገጽ ላይ ስለተዞረ ብቻ 200 የሚመልስ ሞልቷል፣ ኮንተንት ታይፑን (የመጣውን መልስ አይነት) ስታዩት ኤችቲኤምኤል ማለትም ተራ ድረ ገጽ ነው፣ ሙት ነው ማለት ነው።

ትሩ ካላችሁ ቀጥሎ ምን ምን ክላስ (የነገር አይነት) እንዳለው ጠይቁ፣ ሊሚት (የውጤት ብዛት ገደብ) ማድረግ ሳትረሱ። ትሪፕሉን በሙሉ ልቁጠር ማለት ግን ትልልቆቹ ላይ አያዋጣም፣ ዊኪዳታ እንኳን ከ60 ሰከንድ ያለፈ ኩዌሪ ይቆርጣል። ዲቢፒዲያ ደግሞ በአንድ ኩዌሪ ከ10,000 ረድፍ በላይ አይሰጥም፣ ኤረርም ስለማይል ሙሉ ውጤት ይመስላችኋል፣ ልክ 10,000 ላይ የቆመ ነገር ካያችሁ ጠርጥሩ። ኦፍሴት (ከስንተኛው ረድፍ እንደሚጀምር) እየጨመራችሁ በየተራ መሳብ ይቻላል (ኦርደር ባይ የሚባለው የቅደም ተከተል ትዕዛዝ ከሌለው ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቅባችኋል)፣ ሁሉንም የሚፈልግ ሰው ግን ዳምፑን (የሙሉ ዳታውን ፋይል) አውርዶ የራሱ ማሽን ላይ ቢጭነው ይሻለዋል፣ የሰው ሰርቨርም ያርፋል።