ኤልፍ በጆሮው ይለካል እንዴ?

ፋንታሲ (የምናብ ዓለም ታሪክ) የሚወድ ሰው የሆነ ሰዓት ላይ የራሱን ዓለም መስራት መጀመሩ አይቀርም መሰለኝ፣ እኔም ጀምሬያለሁ፣ ካርታ አለ፣ ሁለት ጨረቃ አለ፣ ኤልፎችማ፣ እነዚያ ሹል ጆሮ ያላቸው የማያረጁ የተረት ፍጡሮች፣ የግድ ነው። ኤልፍ ካለ ደሞ ያው ዝርዝሩ ይመጣል፤ የጫካ ኤልፍ፣ የባህር ኤልፍ፣ የበረዶ ኤልፍ፣ የዋሻ ኤልፍ ምናምን፣ ሁሉም የየራሱ የፀጉር ቀለም የየራሱ ባህሪ ተሰጥቶት ልክ እንደ ጌም ሜኑ ተደርድሮ። ይሄ ዝርዝር አይዋጥልኝም። ማነው የመደባቸው? ምደባ ከሰማይ አይወርድም፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ፈልጎ ነው ሌላውን የሚመድበው።

በዚህ ነገር የ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ደራሲ ቶልኪንን አደንቀዋለሁ። በሱ ዓለም ኤልፎች መጀመሪያ የተለያዩት በመልክ ሳይሆን በጉዞ ነው። ወደ ምዕራብ ኑ ተባሉ፣ ገሚሱ እሺ ብሎ ተነሳ ገሚሱ እምቢ አለ፣ እምቢ ያሉት አቫሪ ተባሉ። የተነሱት ሦስት ነገድ ናቸው፣ ቫንያር፣ ኖልዶርና ቴሌሪ፣ ከቴሌሪ ውስጥ ደሞ መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው፣ ትልቁ ተራራ ጋ ሲደርሱ የተመለሱት ናንዶር ሆኑ፣ ባህሩን ሳይሻገሩ የቀሩት ሲንዳር። «የጨለማ ኤልፍ» የሚለውም ስለ ቆዳ አይደለም፣ እዛ ማዶ የነበሩትን የሁለቱን ዛፎች ብርሃን ያላየ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ደሞ ማን እንደሆኑ ልብ በሉ፣ ሄደው ያዩት ናቸው። የቀረው ራሱን «እኔ ጨለማ ነኝ» ብሎ አልጠራም።

ከሱ ኤልፎች አንዷን፣ ጋላድሪኤልን ውሰዱ። የምትቆጠረው ከኖልዶር ነው። ግን አባቷ ፊናርፊን የኖልዶሩ ንጉሥ የፊንዌ ልጅ ይሁን እንጂ እናቱ ኢንዲስ ቫንያር ናት፣ ወርቃማው ፀጉር ወደዛ ቤት የገባውም በሷ ነው፣ ኖልዶር እኮ ባብዛኛው ፀጉራቸው ጥቁር ነው። የጋላድሪኤል እናት ደሞ የቴሌሪ ንጉሥ ልጅ። ስለዚህ ደም እንቁጠር ካልን ከኖልዶር ያላት ሩብ ብቻ ነው፣ ፀጉሯም የአያቷ ነው፣ እና ሁሉም ሰው ኖልዶር ይላታል፣ ለምን፣ የአባት ቤት ስለሚቆጠር፣ በቃ።

ወደ ግማሽ ኤልፍ፣ ከኤልፍና ከሰው ወደተወለደው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል፣ የፋንታሲ ግማሽ ኤልፎችም እንደዛው ናቸው፣ በኩራት የሚያወሩት ስለ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ግን በቅሎ አትወልድም፤ ፈረስ 64 ክሮሞዞም (ጂኖች የሚቀመጡበት ክር) አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63 ይዛ ትቀራለች፣ ጎዶሎ ቁጥር ጥንድ ጥንድ ሆኖ አይገጥምም። ግማሽ ኤልፍ ግን ይወልዳል፣ ልጁም ይወልዳል። ይሄን ራሱ ቶልኪን በ1954 (እ.ኤ.አ.) በጻፈው ደብዳቤ ላይ አምኗል፣ የሚወልድ ልጅ እስከወለዱ ድረስ በባዮሎጂ ኤልፍና ሰው አንድ ዘር ናቸው ነው ሀሳቡ። እድሜውን ደሞ በምርጫ ነው የፈታው፣ ግማሽ ኤልፎቹ ኤልሮንድና ኤልሮስ መንትዮች ሆነው አንዱ ኤልፍነትን መረጠ፣ ሌላው ሰው መሆንን መርጦ 500 ዓመት ኖሮ ሞተ። የኔ ዓለም ውስጥ ቅፅ አስሞልቶ የሚያስመርጥ አምላክ የለም፣ ስለዚህ የቀረኝ ጂን ነው።

ጆሮን በአንድ ጂን ብቻ የሚወሰን ላድርገው አልኩ፣ ከሁለቱም ወገን የወረሰ መሀል ላይ ይወጣል፣ ትንሽ ሾል ያለ። ጥሩ። ሁለት ግማሽ ኤልፎች ተጋብተው ሲወልዱ ግን የሜንዴል የዘር ውርስ ሂሳብ ነው የሚሰራው፣ እያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ እድል ሙሉ ሹል ጆሮ፣ ከአራት አንድ ሙሉ ክብ፣ ግማሽ እድል ደሞ እንደ ወላጆቹ። አንድ እናት አንድ አባት፣ አንዷ ልጅ ቁርጥ ኤልፍ አንዷ ቁርጥ ሰው። አብዛኛው ጨዋታ ላይ ይሄ አይታይም፣ ግማሽና ግማሽ ሲጋቡ ግማሽ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ቀለም የተቀላቀለ ይመስል።

ከዚህ የባሰው ግን የትውልዱ ሂሳብ ነው፣ እንቅልፍ የነሳኝም እሱ ነው። አንዲት ኤልፍ ከ500 ዓመት በፊት ከሰው ወለደች እንበል፣ ልጇም እንደ ሰው ቶሎ አግብቶ ወለደ። ሰው በ25 ዓመት አንድ ትውልድ ቢሄድ 20 ትውልድ ነው። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንጅላት ብላችሁ ትጨርሱና ቃሉ ያልቅባችኋል፣ 20 ትውልድ ወደ ኋላ እያንዳንዱ ሰው በወረቀት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወላጅ ቦታ አለው (በእርግጥ ያው ሰው ብዙ ቦታ ላይ ይደጋገማል)። ዲኤንኤ ደሞ በየትውልዱ እየተቆራረጠ ግማሹ ስለሚቀር ከዛች ኤልፍ ወደዛሬው ልጅ ምናልባት አንዲት ቁራጭ እንኳን አልደረሰችም። ሴትዮዋ ግን አለች! በሕይወት! ቁጭ ብላ «አንተ የኔ ዘር ነህ» ልትለው ትችላለች፣ እውነቷን ነው፣ ደሙ ውስጥ ግን የሷ የሆነ ነገር የለም። የዘር ሐረግ እና የጂን ሐረግ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ ሰው ላይ ምስክሩ ስለሚሞት አይታየንም እንጂ።

ስለ ዋሻ ኤልፍ ብዙ አልልም፣ ጨዋታ ላይ ብዙ ጊዜ ጥቁር ተደርጎ ነው የሚሳለው። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ይከላከላል፣ ፀሐይ በሌለበት ምን ይሰራል? ሜክሲኮ ዋሻ ውስጥ የሚኖሩት አሳዎች ቀለማቸውንም አይናቸውንም አጥተዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ ውስጥ የድሮ ተረቶችን የጻፈው ስኖሪ ስቱርሉሶን የብርሃን ኤልፍ ከፀሐይ ይበልጥ ያማረ የጨለማው ደሞ ከዝፍት የጠቆረ ነው ብሎ ጽፏል፣ ባዮሎጂ ሊያስተምር ግን አልነበረም። የኔዎቹ የዋሻ ኤልፎች ነጭና እውር ናቸው፣ አለቀ።

እና ምደባውን ለማን ሰጠሁት? ለመሬት መዝገብ ጸሐፊ። ኤልፍ ስለማይሞት የያዘው መሬት መቼም ለሌላ አይተላለፍም፣ ስለዚህ የሰዎቹ መንግሥት ኤልፍ መሬት አይወርስም የሚል ሕግ አወጣ። ኤልፍ ማነው? ጸሐፊው ቋጠሮ ያላት ክር አለችው፣ ከጆሮ ስር እስከ ጫፍ ይዘረጋታል፣ ጫፉ ቋጠሮውን ካለፈ ኤልፍ ነህ። ሁለት እህትማማቾች ይቀርባሉ፣ የአንድ እናትና አባት ልጆች፣ ሹሏ ባዶ እጇን ትወጣለች፣ ክቧ ርስቱን ትወስዳለች።

ግን እድሜን ሌላ ክሮሞዞም ላይ ነው ያስቀመጥኩት፣ ከጆሮ ጋር አብሮ አይሄድም። ሹሏ በ70 ዓመቷ አርጅታ ሞተች። ክቧ 90 ሞልቷት የ30 ዓመት ሴት ትመስላለች፣ መሬቱም እጇ ላይ ነው። የሟች ልጆች ተከራከሩ፣ አክስታችን ኤልፍ ናት ይለኩልን አሉ፣ ተለካች፣ ክብ። ኤልፎቹ ጋ ቢሄዱም አይረዷቸውም፣ እነሱ የሚቆጥሩት በሕፃንነቱ በነሱ ቋንቋ ያደገውን ብቻ ነው፣ እሷ ደሞ አንድ ቃል አትችልም። ሕጉ ይቀየር ይሆን ብዬ አሰብኩና ወደ አለመቀየሩ አደላሁ፣ ምክንያቱም ጆሮው ክብ ሆኖ የማያረጅ ሌላም ባለርስት መኖሩ አይቀርም፣ ያውም ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ውስጥ የተቀመጠ። ማን እንደሆነ ገና አልወሰንኩም።