የምትተርፈዋ ፍሬ

ዓለም ገና ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ዶሮ አረባለሁ። እንቁላል የማስረክበው ሠላሳ በሚይዘው የካርቶን ትሪ ስለሆነ የ30 ብዜቶች እጄ ላይ ናቸው፤ 30፣ 60፣ 90፣ 120 እያልኩ እንቅልፍ ላይም ብሆን አልሳሳትም። ከዚህ ውጪ ግን «ይካፈላል፣ አይካፈልም» የሚባለውን ነገር ያለፍኩት በሽምደዳ ነው።

አምስተኛ ክፍል ያለችው ልጄ አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ቁጥሩ ለ3 ያለ ቀሪ መካፈሉን ለማወቅ አሃዞቹን ደምሩ ተባልን። ለምንድን ነው የሚደመረው?»

«ሕጉ ነዋ! ድምሩ ለ3 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።»

«እሺ ለ7 ለምን አይሠራም?»

ዝም አልኩ። እናቷ ከጓዳ ስትስቅ ተሰማኝ።

መብራት ጠፍቶ በሻማ ነበርን። ለዶሮዎቹ ካመጣሁት በቆሎ ሰፌድ ላይ አፈስ አደረግኩና 47 ፍሬ ቆጠርን። አራት ቦታ አስር አስር ከመርን፣ ሰባቷን ለብቻ። «በይ አንዱን አስር ለሦስት ሰው እኩል አካፍይ» አልኳት። ሦስት ሦስት አደለች፣ አንድ ፍሬ ተረፈች። ከሁለተኛው ክምርም አንድ ተረፈ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ማካፈሉን ትታ አንዷን ብቻ አንስታ ወደ ሰባቷ ወረወረች፤ ያኔ እንደገባት አወቅኩ። አራቱ አስሮች አራት ፍሬ አተረፉ፣ ከሰባቷ ጋር 11። 4 ሲደመር 7! አሃዝ መደመር ለካ ትራፊ መልቀም ነው። 11 ደግሞ ለሦስት ሲካፈል 2 ስለሚተርፈው፣ ከ47ቱም የሚተርፈው 2 ነው። ከመቶም 99ኙ ተካፍሎ የሚቀረው አንድ ነው፣ ከሺም እንደዚያው። ለ9 የሚሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። አስር ለ7 ሲካፈል ግን 3 ስለሚተርፍ ዝም ብሎ መደመር አያዋጣም። ይሄ በአርባ ዓመቴ ነው የገባኝ፤ አላፍርበትም።

በማግስቱ ሥራ ላይ አዋልኩት። ለ30 የሚካፈል ቁጥር ለ10ም ለ3ም መካፈል አለበት። 870 እንቁላል ቢኖረኝ መጨረሻው ዜሮ ነው፣ 8 እና 7 ደግሞ 15፤ ስለዚህ 29 ትሪ ጢም ይላል። 880 ከሆነ ግን 8 እና 8፣ 16፤ አይሆንም። 29ኙ ሞልቶ 10 እንቁላል ትተርፋለች። ይቺን ነጋዴው ፊት ስልክ ሳላወጣ ስናገራት፣ እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ አላት።

ኩራቷ ግን ሳምንት አልቆየችም። ለ2 እና ለ3 የሚካፈል ለ6 ይካፈላል፣ ለ3 እና ለ10 የሚካፈል ለ30 ይካፈላል፤ እንግዲህ ለ4 እና ለ6 የሚካፈልም ለ24 ይካፈላል ብዬ ልጄን አስጻፍኳት። የቤት ሥራዋ በቀይ ኤክስ ተመለሰ። «አንተ ያልከኝን ነው የጻፍኩት» ብላ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። 36ን ወሰድን፦ ለ4 ሲካፈል 9፣ ለ6 ሲካፈል 6፤ ለ24 ሲካፈል ግን 12 ይተርፋል። 4 ውስጥም 6 ውስጥም 2 አለ፤ እኔ ሁለቱን ሳባዛ ያቺን አንዷን 2 ሁለቴ ቆጥሬያታለሁ። ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 12 እንጂ 24 አይደለም። ለ2 እና ለ3 የሠራልኝ የጋራ አካፋያቸው 1 ብቻ ስለሆነ ነው።

በዚያው አንድ የቆየ ነገር ተፈታልኝ። መኖ የማስመጣው በየ6 ቀኑ፣ የቤታቸውን ሰጋቱራ የምቀይረው በየ8 ቀኑ ነው። 6 ጊዜ 8 ብዬ በ48 ቀን አንዴ ነው የሚገጣጠሙት ብዬ ነበር። በ24ኛው ቀን ገጥመው ወገቤን ቆረጡት፤ ያኔ ግን የቀን ቆጠራ ስህተት አድርጌው አለፍኩ።

ጎረቤታችን መሪጌታ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። የባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን ቆጠራው ስሌት፣ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ ዋናው ቀሪው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍላሉ፤ 1 ሲቀር ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ነው፣ 2 ሲቀር ማርቆስ፣ 3 ሲቀር ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ነው። 2015ን አሳዩን፦ 7515 ለ4 ሲካፈል 3 ይቀራል።

«ቀጥሎ ጳጉሜን 6 መቼ ነው?» አሏት ልጄን።

መቶ ለ4 እኩል ስለሚካፈል የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ማየት እንደሚበቃ ክፍል ተምራለች። 5500ም 55 መቶ ነው፤ የሚጨምረው ትራፊ የለም። ደብተሯ ላይ 2019 ጽፋ 20ውን በአውራ ጣቷ ሸፈነች።

«19፣ 3 ይተርፋል። 2019 ነው መሪጌታ።»

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ» አሉ ጣታቸውን እያጠፉ፣ «እኔ ገና 5500ውን እየደመርኩ ነው።»