ሮቶውን የሚጠብቅ ሳጥን

ዛሬ የኮምቦልቻ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ኖድ-ሬድ ስነካካ ዋልኩ። ለማታውቁት፣ ኮድ በመደርደር ፈንታ ሳጥኖች እየጎተታችሁ በመስመር የምታገናኙበት የፕሮግራም መሥሪያ ነው። ዳታው በግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል።

ሥራዬ የሮቷችንን ውሃ መከታተል ነበር። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰፈር ይሄ ቅንጦት አይደለም። ሴንሰሩ ከክዳኑ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት ይልካል። አንዱ ሳጥን ተቀብሎ ወደ መቶኛ ይቀይራል። «ስዊች» የሚባለው ደግሞ ከ20 በታች ሲሆን ብቻ ወደ ቴሌግራም ያሳልፋል። ሥራውን የሚያስጀምረውን ቀዩን «ዲፕሎይ» ስጫን፣ ውጤት በሚታይበት በስተቀኝ ባለው የዲበግ ሰሌዳ ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ። 64፣ 64፣ 63...

እናቴ ልብስ እያጠበች ነበር። «እማ፣ ውሃው እየቀነሰ ነው!» ብላት «ደግሞ ሰላይ ሆንክብኝ?» አለችኝ።

ሳጥን በመስመር እያገናኙ ፕሮግራም የመሥራቱ ሐሳብ እንኳ አዲስ አይደለም። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤሙ ፖል ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ነው። ኖድ-ሬድም የተወለደው እዚያው አይቢኤም ቤት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2013።

የሚያስጠላው ነገር ሳጥኑ ሲበዛ ነው። መስመሮቹ እንደ ተወሳሰበ ፈትል ይሆኑባችኋል። ብዙ ሳጥኖችን እንደ አንድ በሚያጠቃልለው በሰብፍሎው መሰብሰብ ይቻላል፤ ግን ለስሌት ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮድ በሚጻፍበት በፈንክሽን ሳጥን ውስጥ ሁለት መስመር የጃቫስክሪፕት ኮድ ጣል ማድረግ ይሻላል። አሥር ሳጥን ደርድሮ ሁለት ቁጥር ማካፈል ምን ይሉታል?

አሁን የቀረኝ ፓምፑን ማገናኘት ነው። ነገ ሪሌ (ፓምፑን በምልክት የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ፍለጋ ደሴ እወጣለሁ። ፒያሳ አካባቢ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጣል አድርጉልኝ።